የሚስቴ የሰጋቱራ ቁም ሣጥን

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ወረታ ላይ እንጨት ስልግ የኖርኩ ሰው ነኝ። በዚህ ከተማ የዋንዛ አልጋ አለኝ የሚል ሰው ካለ፣ ወይ እኔ ሠርቼለታለሁ፣ ወይ ሌላው ሠርቶለት ሲላላ እኔ ጠግኜለታለሁ። ጉራ ነው በሉኝ። ጉራ ነው፤ ግን እውነትም ነው። ለሰው ሁሉ ቁም ሣጥን ስሠራ ለሚስቴ ግን አንድም አልሠራሁላትም። «ይቺን ትእዛዝ ልጨርስና» እያልኩ ዓመቱ ሄደ። ሸክላ ሠሪ በገል ይበላል ይባል የለ? እሷ ልብሷን የምታኖረው ተሞሽራ ስትመጣ ባመጣችው የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ነበር።

ካቻምና በጥምቀት ማግስት አንድ አይሱዙ ደጃችን ቆመ። ባሕር ዳር ሥራ የያዘችው ልጃችን በመጀመሪያ ደመወዟ ለእናቷ ቁም ሣጥን ገዝታ፣ በጠፍጣፋ ካርቶን አሽጋ፣ ከነገጣጣሚው ይዛ መጣች። ገጣጣሚው ጎልማሳ ሰው ነው። ካቻቢቴ ብቻ ይዞ፣ መጋዝ የለ፣ መዶሻ የለ፣ እኔ ምሳዬን በልቼ ሳልጨርስ ባለ ሦስት በር ነጭ ቁም ሣጥን አቆመ። ኤምዲኤፍ ይሉታል። እኔ በኮላ የታመቀ ሰጋቱራ እለዋለሁ፤ ላዩ ላይ የሚያብረቀርቅ ነጭ ነገር ለብጠውበታል። ሚስቴ ቁልፉን ተቀብላ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው።

ሰውዬው ዕቃውን ሰብስቦ ሊወጣ ሲል ወለላችንን አየ። ወለላችን አፈር ነው፤ ሚስቴ ቅዳሜ ቅዳሜ በእበት ትለቀልቀዋለች። ልጄን ጠጋ ብሎ፣ «እዚህ ቤት ዓመት አይቆይም። እርጥበቱን ከሥሩ ይጠጣና ያብጣል። እናትሽ አይችሉትም» አላት። በሹክሹክታ መናገሩ ነበር፤ ግን ሰማነው።

ሚስቴ ፊቷ ተለዋወጠ። ርብ ወንዝ አጠገብ፣ ፎገራ ሜዳ ላይ የተወለደች የገበሬ ልጅ ናት፤ «አትችልም» መባል ያንገበግባታል። «ልጄ፣ ዓመት እንዲቆይ ምን ላድርግ?» አለችው። እሱም ነገራት፦ ውሃ አይፍሰስበት፣ በሽቦና በአሸዋ አይፈተግ፣ በረኪና አይንካው፣ የጋለ ነገር አይቀመጥበት፣ ፀሐይ አይምታው። አንድ በአንድ እየደገመች ሰማችውና፣ «እሺ። የዛሬ ዓመት ለጥምቀት መጥተህ እየው» አለችው።

እኔ ሳቅሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እንዲፈርስም ተመኝቼ ነበር። የኔ እጅ ባለበት ቤት የካርቶን ዕቃ ሲገባ እንዴት ደስ ይለኛል?

በማግስቱ፣ «ከመሬት ከፍ የሚያደርጉ አራት እግሮች ሥራልኝ» አለችኝ። «ዋንዛዬን ለሰጋቱራ ትራስ አላደርግም!» አልኳት። ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ደብረ ታቦር መገንጠያው ሄደች፤ ከጎሚስታው ያረጀ የመኪና ጎማ ለምና መጣች። በቢላ ታግላ አራት ቁራጭ አወጣች፤ ጎረቤቶቿን ጠርታ ቁም ሣጥኑን አስነስታ ከየማዕዘኑ ሥር ወሸቀችው። ጎማ እርጥበት አያሳልፍም። ከዚያ ወዲያ ስትለቀልቅም ዙሪያውን አንድ ክንድ ያህል ትታ ነው። እኔ ለሠላሳ ዓመት የሠራሁት አልጋ ሁሉ እግሩ የሚበሰብሰው በዚሁ በእበቱ ነበር፤ ጎማ ግን አንድ ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

ሌላው ጠላቷ አቧራ ነው። ቤታችን ከሩዝ ወፍጮዎቹ ጀርባ ስለሆነ፣ ንፋስ ሲነሣ እብቁ በመስኮት ይገባል። መጀመሪያ ሰሞን ጎረቤት መጥታ፣ «በደረቅ ጨርቅ ጥርግ አድርጊው» ስትላት ሚስቴ ጣቷን በአቧራው ላይ አሻሸችና፣ «ኧረ ወዲያ! ይኼ እኮ ይቧጭራል» አለች። ሩዝ አጭዳ፣ ወቅታ ያደገች ናት፤ የሩዝ እብቅ ክንድ እንዴት እንደሚልጥ ከኔ በላይ ታውቃለች። ስለዚህ መጀመሪያ በአውራ ዶሮ ላባ አቧራውን ታራግፋለች፤ አትፈትግም፣ ታራግፋለች። ቀጥላ ያረጀ ነጠላ ቅዳጅ ውሃ ውስጥ ነክራ፣ ጠብታ እስኪጠፋ ጠምዝዛ ትጨምቃለች፤ ከላይ ወደ ታች ታብሳለች። ወዲያው በደረቁ ትከተለዋለች። በሩና ጎኑ የሚጋጠሙበት ጋ ስትደርስ እጇ ይለዝባል። ሕፃን ስታጥብም እንዲያ ነበረች።

በወሩ ሃያ አንድ የማርያም ዝክራችን ነው። የነፍስ አባታችን መጡ፤ ጧፋቸውን ለኮሱና የሚያቆሙበት ሲፈልጉ ዐይናቸው ቁም ሣጥኑ ላይ ዐረፈ። ጫፉ ላይ ሰም አንጠባጥበው ሊለጥፉት ሲሉ ሚስቴ ከጓዳ ዘላ ደረሰች።

«አባ፣ ይፍቱኝ! በማርያም ይዤዎታለሁ፣ እዚያ ላይ አይለጥፉብኝ!»

«ምነው ልጄ» አሉ ደንግጠው፣ «የቤተ መቅደስ በር አደረግሽው እኮ!»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ጧፉ ተነሣ፤ ሰሙ ግን ጠብ ብሎ ቀርቶ ነበር። እኔ ቢላ ሳነሣ፣ «እጅህን ሰብስብ!» አለችኝ በእንግዳ ፊት። እስኪረጋ ጠብቃ በአውራ ጣቷ ጥፍር ገፋ ስታደርገው እንደ ቅርፊት ተነሣ። በማግስቱ ስታብስ ጠራችኝ። ከሰሙ ጥቂቱ መጋጠሚያው ውስጥ ገብቶ ቀርቷል፤ ውሃው እዚያ ሲደርስ አይገባም፣ ተንከባሎ ይመለሳል። «አየኸው?» አለችኝ። «ሰም ነዋ! ምን ይደንቃል?» ብያት ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

ክረምቱ ገባ። ርብ ሞልቶ ሜዳው ላይ ተኛ፤ ከብቱ ወደ ዳገት ወጣ። የኛ ቤት ውሃ ባይገባውም ጨው ሳይቀር በየዕቃው ይቀልጣል። ቁም ሣጥኑ ግን እንደቆመ ነው። እኔም ሳይታወቀኝ ጠዋት ጠዋት ሥሩን ጎንበስ ብዬ ማየት ጀምሬ ነበር። እንዲፈርስ ልመኝ፣ እንዲቆም ልመኝ፣ ለራሴም አልለየልኝም።

ነሐሴ ላይ ሚስቴ ለለቅሶ ወደ ዘመዶቿ ሄዳ ሦስት ቀን ቆየች። በሁለተኛው ቀን የቁም ሣጥኑ መካከለኛ በር ሲዘጋ ከታች ይፍቅ ጀመር። በር ሲፍቅ እኔ የማውቀው አንድ መድኃኒት ነው፦ መላጊያ። ስትመለስ ተስተካክሎ ይጠብቃት አልኩ። ደግሞም በመጨረሻ የኔ ሙያ ተፈለገ ብዬ ደስ ብሎኛል። በሩን አንጋልዬ ሥሩን አንድ ጊዜ ላግሁት። ዋንዛ ሲላግ እየተጠቀለለ ነው የሚወጣው፤ ይኼ ግን እንደ ፉርሽካ ረገፈ። ጠርዙ ላይ የተለጠፈው ስስ ጥብጣብ ተገነጠለ፣ ነጩ ልባጥ ተሰነጣጠረ። ሰው ሲሳሳት ያቆማል፤ እኔ ጅሉ ደገምኩት!

መልሼ ስገጥመው ነው ማጠፊያውን ያየሁት። ብሎኑ ላልቶ ነበር። በካቻቢቴ ሁለት ዙር አጠበቅሁት፤ በሩ ሳይፍቅ ተዘጋ። መላጊያም አላስፈለገው፣ ባለሙያም አላስፈለገው። አፈርኩ። ሚስቴ እስክትመለስ እርቃኑን የቀረው ጠርዝ እርጥበት ጠጥቶ አበጠ።

መጥታ የሐዘን ልብሷን ሳትለውጥ ቅዳጇን አነሣች። በሩ ሥር ስትደርስ እጇ ቆመ።

«ምን ነካው?»

«እርጥበት ነው» አልኩ።

ዞር ብላ ጥግ ያለውን መላጊያዬን አየች። አፉ ላይ ነጭ ስንጣሪ ተሰክቶበታል። «እርጥበት ነው?» አለች እንደገና። «እርጥበት ነው» አልኩ። ራሷን ነቀነቀችና ጀርባዋን ሰጥታኝ አለቀሰች። ዓመቱ ሊሞላ አምስት ወር ብቻ ነበር የቀረው።

ካለቀሰች በኋላ ግን ያደረገችውን ልንገራችሁ፤ ሙያውን ያስተማሩኝ አናጢ እንኳ እንዲህ ያለ እጅ አልነበራቸውም። በሩን አስፈታችኝ። ፀሐይ ላይ ሳይሆን ንፋስ ባለበት ጥላ ሥር አቁማ ሳምንት ሙሉ አደረቀችው። ያበጠውን በሁለት ጣውላ መካከል በሞርሳዬ አስጠብቃ አሳደረችው። የላላውን በምላጭ ገፈፈች። ከዚያ ከገበያ የገዛችውን ሰም አቅልጣ በጋለ ማንኪያ ጀርባ ጠርዙ ላይ ታሸው ገባች፤ እስኪጠጣ ትጠብቃለች፣ ትደግመዋለች፣ ትሠልሰዋለች። ምንም ሳትለኝ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አየሁ። ስትጨርስ ውሃ ጠብ አደረገችበት፤ ጠብታው ተንከባሎ ወደቀ። የኔ ሚስት! ኮራሁባት፤ ግን አፌን ይዞኝ አልነገርኳትም።

ጥምቀት ደረሰ። ልጃችን መጣች። ገጣጣሚውም ለጎረቤት ሌላ ቁም ሣጥን አምጥቶ ስለነበር አብሯት ገባ። በሮቹን ከፈተ፣ ዘጋ፤ ላዩን በመዳፉ ዳበሰ፤ ቅንድቡ ከፍ አለ። ከዚያ ጎንበስ ሲል ጠቆር ያለውን የበሩን ጠርዝ አገኘው።

«አላልኩም?» አለ። «ውሃ አስነክተውታል።»

«እማዬ!» አለች ልጄ። «ውሃ እንዳታስነኪው ተነግሮሽ አልነበር?»

ሚስቴ አየችኝ። ከዚያ መሬት መሬት እያየች፣ «እርጥበት ነው» አለች።

የኔን ውሸት ነው የተናገረችው፤ በኔ ድምፅ ማለት ይቻላል። ጆሮዬ ጋለ።

«ውሸት ነው!» አልኩ። ጮኼ ሳይሆን አይቀርም፤ ልጄ ደነገጠች። «እኔ ነኝ። የላላ ብሎን ነበር፤ ሁለት ዙር ይበቃው ነበር። እኔ በመላጊያ ላግሁት። ላግሁትና እርጥበት ነው ብዬ ዋሸኋት። ያዳነችው እሷ ናት።»

ገጣጣሚው እኔን አየ፣ እሷን አየ። ጣቱን ከማሰሮው ውሃ ነክሮ ጠርዙ ላይ አንጠባጠበ። አልገባም። «እናቴ፣ ምን ቢቀቡት ነው?» አለና ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ሰሙን፣ ማንኪያውን፣ ጥላውን ሁሉ ነገረችው፤ እሱም እየጠየቀ ሰማ። ሲወጣ፣ «ባለፈው ስለተናገርኩት ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብሎ እጅ ነሥቶ ነው የሄደ።

ልጃችን ልትሸኘው ወጣች። ሁለታችን ቀረን። ሚስቴ ቁጭ ብላ እንደገና ታለቅስ ጀመር፤ እኔ ስለ በሩ የምታለቅስ መስሎኝ፣ «የዋንዛ እሠራልሻለሁ፣ ነገውኑ እጀምራለሁ» አልኳት።

«ቁም ሣጥን አለኝ» አለች ዐይኗን እየጠረገች። «ከተጋባን ጀምሮ በሰው ፊት ለኔ ወግነህ ስትናገር ዛሬ የመጀመሪያህ ነው።»

ልከራከራት አፌን ከፈትኩ። አንድ ሌላ ቀን ልጠቅስላት ፈለግሁ፤ ከሠርጋችን ጀምሬ ዓመት በዓመት አሰብኩ። አንድም አላገኘሁ።