ታጥቦ የተቀቀለው ዘር

ይህ የደረሰብኝ ከሚሊኒየሙ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ አምቦ ግብርና ተምሬ እንደጨረስኩ አንድ የውጭ ድርጅት ባኮ አካባቢ በቀጠረኝ የመጀመሪያው ክረምት ነው። ከዚያ ወዲህ በምግብ ዋስትና ሥራ ብዙ አገር ዞሬያለሁ። ስለ ረሃብ በተሰበሰብንበት አዳራሽ ሁሉ ግን አንድ የባኮ እናት ትዝ ይሉኛል።

ሥራዬ ለገበሬዎች ምርጥ የበቆሎ ዘር ማከፋፈልና አዘራሩን ማስተማር ነበር። ራስ ሳይጠና ጉተና እንዲሉ፣ በሃያ ሁለት ዓመቴ አባቴ የሚሆኑ ሰዎችን አሰልፌ በመስመር መዝራት አስተማርኩ። ዘሩ ሻጋታና ነቀዝ እንዳይነካው መድኃኒት ተለውሶ ቀይ ሆኗል። “ይህ መርዝ ነው፣ አይበላም” ብያለሁ፤ አልዋሽም። የሰሙኝ ግን ወንዶቹ ብቻ ናቸው። “አባወራ ይምጣ” ብለን ስለጠራን፣ እኔ ራሴ ሴት ሆኜ አንዲት ሴት እንኳ አለመኖሯን ልብ አላልኩም። ማስጠንቀቂያው የተጻፈበትን ጆንያም እኛው ይዘን ቀረን። ገበሬዎቹ ዘሩን የወሰዱት እየተሰፈረላቸው በየራሳቸው ከረጢት ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ቡቃያ ለማየት ኦቦ ቶሎሳ የሚባሉ ገበሬ ቤት ሄድኩ። እሳቸው እጃጂ ገበያ ሄደው አልነበሩም። ማሳቸው ግማሹ በቅሏል፣ ግማሹ ባዶ ነው። ዘሩን ሸጠውታል ብዬ በልቤ ፈረድኩባቸው። ሳይጠይቁ መፍረድ ያን ጊዜ አመሌ ነበር።

ሚስታቸው አዴ ጫልቱ ደስ ብሏቸው ተቀበሉኝ።

“በጋ ነጋን ዱፍቴ፣ ኢንተላ ኮ፤ እንኳን ደህና መጣሽ፣ ልጄ። እስኪ አረፍ በዪ። እንግዳ እንዴት ባዶ አፉን ይሄዳል?” ብለው የበቆሎ ንፍሮ በሰፌድ አቀረቡልኝ።

ከጠዋት ጀምሮ በእግሬ ስዞር ስለቆየሁ ሁለት ሦስቴ ዘግኜ በላሁ። ከዚያ አንዷን ፍሬ ልብ ብዬ አየኋት። ጫፏ ላይ ፈዘዝ ያለ ቅላት አለ።

ክው አልኩ። “አዴ ጫልቱ፣ ይሄ በቆሎ ከየት የመጣ ነው?”

“ያው እናንተ የሰጣችሁን ነዋ፤ ገና ካልተዘራው ላይ ወስጄ ነው። ቤት ውስጥ ሌላ እህል አልቋል። ቀለሙ እስኪለቅ በአመድ ሰባቴ አጥቤዋለሁ፣ አይዞሽ።”

“ልጆቹስ በልተዋል?”

“ጠዋት በልተዋል። ትንሿ ግን ሆዴን ብላ ተኝታለች።”

ልጅቷ መደቡ ላይ ናት። ገለጥ ሳደርጋት አስመልሷታል፤ ስጠራትም ዓይኗን መግለጥ አቃታት። “መርዝ ነው” ስላቸው አዴ ጫልቱ መጀመሪያ ሰፌዱን ከፊቴ ነጥቀው ደፉት። ከዚያ ትንሿን አዘሉ፣ እኔ ታላቋን ይዤ፣ በጋሪ ወደ ባኮ ጤና ጣቢያ በረርን። መንገዱን ሁሉ የራሴን ሆድ እያዳመጥኩ፣ ስለ ራሴ ማሰቤ ደግሞ እያሳፈረኝ ነበር።

ትንሿ ላይ ግሉኮስ ተሰካ። ከሰዓት በኋላ ኦቦ ቶሎሳ ከጎረቤት ሰምተው ትንፋሽ አጥሯቸው ደረሱ።

“አትንኪው አላልኩሽም?” አሏቸው ሚስታቸውን።

አዴ ጫልቱ ዓይናቸውን ከልጅቷ አልነቀሉም። “ለምን እንደማልነካው አልነገርከኝም። ዘሩ ሲሰጥስ እኔን ማን ጠራኝ? ብጠራ ኖሮ አንድ ነገር እጠይቃቸው ነበር፤ እስኪደርስ ምን እንብላ?”

ኦቦ ቶሎሳ አጠገባቸው ተቀመጡ። ስለ ማዳበሪያው፣ ስለ መስመሩ፣ ስለ አረሙ ጠይቁኝ እንጂ ይህን ማንም አላስተማረኝም።

ሲመሽ ትንሿ ውሃ ጠየቀች። የጤና መኮንኑ “እናትየው ያን ያህል ባያጥቡት ኖሮ ሌላ ነገር ነበር የምናወራው” አለ። እኔን ሲቆርጠኝ አደረ፤ ከመርዙ ይሁን ከፍርሃቱ እንጃ።

ጠዋት ልሰናበት ስል አዴ ጫልቱ ሁለት እጄን ይዘው አለቀሱ። “ይቅር በዪኝ፣ ልጄ። ቤቴ የመጣ እንግዳ መርዝ አበላሁ” አሉኝ። እኔም እንደ ተበደለ ሰው “ምንም አይደል” ብዬ ሄድኩ።

ዛሬ የማሠለጥናቸውን ወጣቶች ሴቶቹ ሳይቀመጡ ንግግር እንዳትጀምሩ እላቸዋለሁ። ዘር ከመስጠታችን በፊት እስኪደርስ የሚበላ አለ ወይ ብለን እንጠይቃለን። የአዴ ጫልቱንም ታሪክ ደጋግሜ አውርቻለሁ፤ ሰው ይጨበጭብልኛል።

አንድ ነገር ግን ሁልጊዜ እዘላለሁ። በማግስቱ ቢሮ ገብቼ በሪፖርቴ ላይ “ቤተሰቡ ዘሩን ያለአግባብ ተጠቅሟል” ብዬ ጻፍኩ። ኃላፊዬ አንብቦ ፈረመበት። አዴ ጫልቱን ይቅርታ ሳልጠይቅ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወርኩ። ይህን ለሰው ስናገር የዛሬው የመጀመሪያዬ ነው፤ እንዲህ ጽፌው እንኳ አልቀለለኝም።