ያልሰረዝኩት ምዕራፍ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ሰሎሜ ከሰኞ ገበያ ሰፈር ፎቶ ኮፒ ያስነሣችውን የታሪክ ሃንዳውት ይዛ መጣች። ለፈተና ጮክ ብላ ስታነብ ጆሮዬን ጣል አደረግሁ። ንጉሡ አራተኛው ገጽ ላይ ሞቱ፤ አምስተኛው ላይ ዘውድ ጫኑ።

«ቆይ፣ ይሄ እንዴት ይሆናል?» አልኳት።

«እኔ እንጃ እማማ። መምህሩ እንዳለ ሸምድዱት ብሏል።»

ደሜ ፈላ። በዚህ ዕድሜዬ ለአንድ ሃንዳውት እንዲህ መንጨርጨሬ ለራሴም አስገረመኝ። ነገሩ ግን የቆየ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የጣሊያን ሥነ ጽሑፍ ሳጠና ከቤተሰቤ ያልሳቀብኝ አልነበረም። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የክር ማሽን ላይ የሚሠራው አባቴ፣ «ጣሊያን ደሴን በቦምብ ሲያነድዳት ግጥም አላነበበልንም» ይለኝ ነበር። እውነቱን ነው። እኔ ግን ቋንቋውን ወድጄዋለሁ፤ ለመውደዴም የማንንም ፈቃድ አልጠየቅሁም።

ለመመረቂያ የያዝኩት ደራሲው የማይታወቅ አንድ ረጅም የጥንት ግጥም ነበር። ገጣሚው በእጁ የጻፈው ጠፍቶ፣ ከሱ ሲገለባበጡ የመጡ ቅጂዎች ብቻ ቀርተዋል። ሥራችን ቅጂዎቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ በስሕተታቸው ዝምድናቸውን እየለዩ ወደ ጠፋው መጽሐፍ መጠጋት ነው። ፊሎሎጂ ይሉታል። ታዲያ በግጥሙ ውስጥ አንዲት እናት ልጇን መጀመሪያ ትቀብረዋለች፤ ቀጥላ ወደ ባሕር ትሸኘዋለች። ሁሉም ቅጂዎች እንዲሁ ስለሚሉ አማካሪ መምህሬ፣ «ገጣሚው ሆን ብሎ ነው፤ ሐዘን ጊዜን እንደሚያናውጥ ሊያሳየን ነው» አሉኝ። ደስ የሚል ትርጓሜ ነው፤ ለእኔ ግን አልዋጥ አለኝ።

በክረምቱ ዕረፍት ወደ ቤቴ ተሳፈርኩ። ደጋን ከተማ ላይ የተጠበሰ የበቆሎ እሸት ገዝቼ እየጋጥኩ ኮምቦልቻ ደረስኩ፤ ከዚያ ወደ ደሴ ሽቅብ ስንወጣ ጉሙ ስለተቀበለን ሹራቤን ደረብኩ። በማግሥቱ ጭቃውን እያቦካሁ ደሴ ዙሪያ የሚኖሩትን አጎቴን ልጠይቅ ሄድኩ። መምሬ ዘውዴ ብራና ፍቀው መጽሐፍ የሚጽፉ ቁም ጸሐፊ ናቸው። ስደርስ አንድ አዲስ የገድል መጽሐፍ ይዘው ስፌቱን ይፈታሉ።

«ምነው መምሬ፣ ጨርሰውት አልነበር?»

«አዬ ልጄ፣ ተዋረድኩ እኮ! ለበዓሉ ይድረስ ብዬ ስጣደፍ አንዱን ብራና ገልብጬ አጥፌው ኖሯል። ጻድቁ ተቀብረው ሲያበቁ ክርስትና ተነሡ! ሕዝቡም ሲነበብ እየሰማ አሜን አለ። የሳቁት አንዲት ባልቴት ብቻ ናቸው።»

የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ አቀረቡልኝና እየበላሁ አሳዩኝ። አንድ ብራና መሃሉ ላይ ሲታጠፍ ሁለት ቅጠል ይሆናል፤ ተገልብጦ ከታጠፈ የኋለኛው ቅጠል ፊት ይመጣል። ጣቴን ይዘው በቆዳው ላይ አስኬዱት። ጠጉር የነበረበት ፊት ሻከር ይላል፤ ሥጋ የነበረበት ይለሰልሳል። «ሲጠረዝ ጠጉር ከጠጉር፣ ሥጋ ከሥጋ ይተያያል። ይሄው፣ እዚህ ጋ ጠጉሩ ከሥጋ ጋር ገጥሞ አጋለጠኝ» አሉ።

ድንቹ ከእጄ ወደቀ። ቦርሳዬን ዘርግፌ የግጥሙን ስንኞች ቆጠርኩ። የቀብሩና የሽኝቱ ክፍሎች ልክ እኩል ናቸው፤ እያንዳንዳቸው አንድ ቅጠል የሚሞሉ። ያቺ እናት አልተናወጠችም! ቅጂዎቹ ሁሉ የወጡት አንዱ ብራናዋ ተገልብጦ ከተሰፋ አንዲት መጽሐፍ ነው። ከደስታዬ ብዛት መምሬን አንገታቸውን አንቄ ሳምኳቸው።

ይህንኑ አንድ ምዕራፍ አድርጌ ጻፍኩ። ፈታኞቹ ፊት ስቀርብ መምህሬ መነጽራቸውን አወለቁ። «የጣሊያን ሊቃውንት ስንት ዘመን ያላዩትን የወሎ ቄስ አየልሽ?»

«አዎ። እነሱ ብራና አንብበዋል፤ እሳቸው ግን ፍቀዋል፣ ሰፍተዋል» አልኩና መምሬ የሰጡኝን ቁራጭ ብራና አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አጠፍኩት፣ ገለበጥኩት። አንደኛው ፈታኝ ጠጋ ብሎ አየ። መምህሬ አላዩም። እስክሪብቷቸውን ወደ እኔ ገፉት።

«ምዕራፉን ሰርዢና ተመረቂ።»

እስክሪብቶውን ከድኜ መለስኩላቸው።

«አልሰርዝም።»

ጣሉኝ። ጓደኞቼ ሲመረቁ እኔ ኮምቦልቻ ወርጄ ከአባቴ ጎን ማሽን ላይ ቆምኩ። ዓመቱን ሙሉ በጥጥ ብናኝ ሳስነጥስ ከረምኩ። ሰው ሁሉ «ምን ነበር ብትሰርዢው?» ይለኛል፤ አባቴ ግን አንድ ቀን እንኳ አላለኝም። እንደገና ልቀርብ የተሳፈርኩ ለት መናኸሪያ ድረስ ሸኘኝና በአውቶቡሱ መስኮት፣ «አንዲት ፊደል እንዳትነኪ!» አለኝ። ያ የጣሊያን ግጥም ጠላት!

አልነካሁም። ያንኑ ምዕራፍ እንዳለ አስገባሁ፤ ሌሎች ፈታኞች ነበሩና በዝቅተኛው ማለፊያ አሳለፉኝ። ያቺ ብራናዋ የተገለበጠ መጽሐፍ እስከ ዛሬ አልተገኘችም፤ ልክ መሆኔን የሚመሰክርልኝ የለም። ተሳስቼ ይሆናል። ግን መሳሳቴን ማንም አላሳየኝም፤ ቁጣ ብቻ ነው ያሳዩኝ።

ለሰሎሜ ይህን ሁሉ ነገርኳትና የሃንዳውቱን ሽቦ ነቅለን ገጾቹን በቦታቸው መለስን።

«መምህሩ ቢቆጣኝስ?»

«ይቆጣ!» አልኩና ያንን ቁራጭ ብራና ከሣጥኔ አውጥቼ ሰጠኋት።

በማግሥቱ ያለ ሰዓቷ መጣች። መምህሩ እንደተሸመደደው በይ ብሏት፣ እሷ ንጉሡን አስቀድማ አንግሣ ኋላ ብትቀብራቸው ከክፍል አስወጥቷታል። ዓይኗ ቀልቷል፤ ብራናውን ጨብጣዋለች።

«እሺ አልሽው?» አልኳት።

«አላልኩም።»

ጓዳ ገብቼ እንደ መምሬ ድንች ጣድኩላት።