ወደ ላይ የሚወጣው የወርቅ ጉድጓድ

የማጸዳበት ሙዚየም አሜሪካ ውስጥ፣ ከሌዊስቪል ከተማ ወጣ ብሎ፣ በጎማ ቤትና በጥርስ ክሊኒክ መሀል ያለ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ነው። ትልቅ አይደለም። ያለውም አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ወርቅ ከመሬት በታች እንዴት ይወጣ እንደነበር የሚያሳይ ሰው ሠራሽ ዋሻ። ዋሻው ያለው ሁለተኛው ፎቅ ላይ ነው። የዚህ አገር አፈር ውኃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ቤት ሥር መቆፈር አይመችም ብለው ወደ ላይ ሠሩት። እዚህ አካባቢ የወርቅ ማዕድንም የለም። አለቃዬ ይህን ሲሉት "ሰው ግን አለ" ይላል።

ሦስት ዓመት ወለሉን ወለወልኩ። ጉልበቴ ማበጥ የጀመረው በሁለተኛው ዓመት ነው። ሐኪሟ ሥራ ቀይሪ አለችኝ። እኔን ያስፈራኝ ሕመሙ አልነበረም። ወንበር ላይ ሆኜ መስገድ ጀምሬ ነበር። ለታመመ ሰው ይፈቀዳል፣ አውቃለሁ፤ ግን ግንባሬን መሬት ሳላስነካ የዋልኩበት ቀን የተሟላ ቀን አይመስለኝም። ስለዚህ አስጎብኚዋ ልጅ ሥራ ለቃ ወደ ሂዩስተን ስትሄድ አለቃዬ ቢሮ ገባሁና "እኔ ልሥራው" አልኩት።

"የማስጎብኛውን ስክሪፕት ታውቂዋለሽ?"

"ሦስት ዓመት ሙሉ እየወለወልኩ ሰምቼዋለሁ።"

"ለአንድ ቆፋሪ በፈረቃ ስንት ሻማ ይሰጠዋል?"

"ሦስት።"

"ኦኬ። መጀመሪያ የራስሽን ሰዎች አምጪና በቋንቋሽ አስጎብኚ። ቋንቋውን ባላውቅም ሰዓት እይዛለሁ። አርባ ደቂቃ ነው። ሊፍቱ ውስጥ ደግሞ 'አሁን ወደ ምድር ሆድ እየወረድን ነው' ማለት እንዳትረሺ። ዋናው ነገር እሱ ነው።"

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ሊፍቱ የሚሄደው ወደ ላይ ነው፤ እየወረድን ነው ብል ውሸት ነው። ሦስት ቀን አሰብኩበትና የመስጊዳችን ኡስታዝ ዘንድ ደወልኩ።

"ወደ ላይ ነው የሚሄደው?" አሉኝ።

"አዎ፣ ኡስታዝ።"

"ታዲያ ለምን ወደ ታች ትያለሽ?"

"ስክሪፕቱ ላይ ስላለ ነው።"

"ስንት ፎቅ ነው የሚወጣው?"

"አንድ ብቻ።"

ትንሽ አሰቡ። "ልጄ፣ አንድ ፎቅም ቢሆን ላይ ያው ላይ ነው" አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ቪከሪ ሜዶ ሰፈር ቁርኣን አብረን የምንቀራ ስምንት ሴቶች በቫን መጡ። የሚበዙት የወሎ ሰዎች ናቸው። ትልቋ ሰባ ያለፋቸው፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው ናቸው። አለቃዬ ሰዓቱን ይዞ ከኋላ ተከተለን። የሊፍቱ በር ተዘጋ፣ መብራቱ ደበዘዘ፣ ቴፑ የሰንሰለት ድምፅ ማሰማት ጀመረ።

"ቆፋሪዎቹ በዚህ ጊዜ በሽቦ ገመድ በተንጠለጠለ ሣጥን ወደ ታች ይወርዱ ነበር" አልኩ።

"እኛስ?" አሉ እማማ።

"እኛ እየወጣን ነው።"

"ታዲያ ለምን ጨለመ?"

"መብራቱን አጥፍተውት ነው።"

"አይ አሜሪካ!" አለች አንዷ። "ጨለማውንም በትኬት!"

ላይ ስንደርስ ከደወሉ ጀመርኩ። ሣጥኑን የሚያወጣና የሚያወርደው ሰው ከጉድጓዱ አፍ ላይ ነው፤ ታች ያሉትን አያያቸውም፣ አይሰማቸውም። የሚሰማው ደወል ብቻ ነው። አንድ ሲደወል ያወጣል፣ ሁለት ሲደወል ያወርዳል፣ ሦስት ሲደወል ሰው ተሳፍሯልና ቀስ በል ማለት ነው። ሥራ ላይ እያለ እሱን ማናገር ክልክል ነበር። "እንደ ሰጋጅ ነዋ" አሉ እማማ፤ ሰውዬውን ወደዱት።

ቀጥሎ ሁለት አሻንጉሊት ቆፋሪዎች አሉ። አንዱ ተንበርክኮ ረጅም መሮ ይዟል፣ ሌላው መዶሻ አንሥቷል፤ ግድግዳው ላይ አንድ ሻማ ተሰክቷል። መቺው በመታ ቁጥር ያዢው መሮውን ትንሽ ያዞረዋል፤ ካላዞረው አለቱ ነክሶ ያስቀረዋል።

"ከሳተውስ?"

"እጁ ይሄዳል።"

"በዚህ ጨለማ? ወላሂ፣ ከዚህስ ባል ማመን ይቀላል!" አለች ያችው የትኬቱን ነገር ያነሣችው። ሳቁ። አለቃዬም ምን እንደሆነ ሳያውቅ ፈገግ አለ፤ እስከዚያ ድረስ ሰዓታችን ደህና ነበር።

ከዚያ ባሩዱ መጣ። ስምንት ቀዳዳ ይበሱና ባሩድ ይሞላሉ፣ ፈትሉን ለኩሰው ይሸሻሉ። ሸሽተውም አያርፉም፤ ፍንዳታውን ይቆጥራሉ። ስምንት ለኩሰው ሰባት ከሰሙ፣ አንዱ ሳይፈነዳ አለቱ ውስጥ ተቀምጧል ማለት ነው። እዚህ ላይ ቴፑ የፍንዳታ ድምፅ ያሰማል፣ ጭስም ይለቀቃል፤ አስጎብኚዋም ስንት ሰማችሁ ብላ ትጠይቃለች። በሦስት ዓመት የሰማሁት መልስ ስድስት፣ ስምንትና አሥር ነው። አንድ ሰውዬ ሃያ ብሏል።

ቴፑ ሲጀምር ስምንቱም ማንም ሳይነግራቸው አውራ ጣታቸውን ጣታቸው አንጓ ላይ አሳረፉ፤ ከሶላት በኋላ ዚክር እንደምንቆጥረው። ጭሱ ሳይበተን ባንድ አፍ "ሰባት!" አሉ።

"አንዱ ቀረ" አሉ እማማ።

"ቀርቷል። የሚቀጥለው ፈረቃ ገብቶ ሳያውቅ መሮ ካሳረፈበት ይሞታል።"

ከዚህ በኋላ ወደ ወቃጩ መኪና ማለፍ ነበረብን። ድንጋዩ በብረት ተወቅጦ እንዴት እንደሚልም፣ ልሙ ላይ ውኃ ሲፈስ ሜርኩሪው ወርቁን እንዴት እንደሚይዝ፣ ከዚያ ሁሉ ድንጋይ ምን ያህል ትንሽ ወርቅ እንደምትገኝ ላሳያቸው ነበር። ማንም አልተነቃነቀም።

"ማን ነገራቸው?" አሉ እማማ።

"ማንን?"

"የሚቀጥሉትን ነዋ። አንዱ መቅረቱን ማን ነገራቸው?"

ስክሪፕቱ ላይ የለም። "አላውቅም" አልኩ።

"ሞተ እንግዲህ ልጁ። እናቱን ማን አረዳት?"

"እስላም ነበር?" አለች አንዷ።

"አላውቅም። አይመስለኝም።"

"እንግዲያስ ለእናቲቱ ሶብሩን፣ ትዕግሥቱን እንለምንላት። እናት እናት ናት" አሉና እማማ መሬት ላይ ተቀመጡ። ሰባቱም ተቀመጡ። እኔ አስጎብኚ ነኝ ብዬ ቆምኩ፤ እማማ ቀና ብለው ሲያዩኝ ተቀመጥኩ። ዱዓው ከእናቲቱ ጀምሮ ጨለማ ውስጥ ሠርተው ለሚበሉ ሁሉ፣ ዲኤፍደብሊው አየር ማረፊያ ዕቃ ለሚጭኑ ልጆቻችን፣ ለጉልበቴ፣ በመጨረሻም ሰዓት ይዞ ለቆመው ሰውዬ ደረሰ። አሚን አልን። እሱ ሰዓቱን አየ።

ሴቶቹ ሲሄዱ ጉብኝቱ አንድ ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ ፈጅቶ ነበር።

"ምን ተፈጠረ? ሰው ታመመ?" አለኝ አለቃዬ።

"አይ። ሰው ሞቶ ነው።"

"ማን?"

"ቆፋሪው። ሳይፈነዳ በቀረው የሞተው።"

"እሱ እኮ ቴፕ ነው!"

"ያውቃሉ።"

ባንድ አፍ ምን እንዳሉ ጠየቀኝ፤ ሰባት አልኩት። "ስምንቱም ሰባት አሉ?"

"ሰባት ነው እኮ።"

"መሆኑንማ አውቃለሁ፤ ቴፑን የሠራሁት እኔ ነኝ።" ወንበር ስቦ ተቀመጠ። "እስከ ዛሬ በትክክል የቆጠረው የለም።"

ሳይጠይቀኝ ነገርኩት። "ሊፍቱ ውስጥ እየወረድን ነው አላልኩም። እየወጣን ነው አልኳቸው።"

"በእንግሊዝኛም እንዲህ ልትይ ነው?"

"አዎ።"

ሥራው ከእጄ ወጣ ብዬ ባልዲዬን አነሣሁ። እሱ ግን ግንባሩን ሲያሽ ቆየና "ሊፍቱ ውስጥ ዝም ማለት ትችያለሽ?" አለኝ።

"ዝም ማለት እችላለሁ።"

"እንግዲያው ሰኞ ጠዋት ትጀምሪያለሽ። አርባ ደቂቃ። መሬት ላይ መቀመጥ የለም።"

አመሰገንኩት። ከበሩ ላይ ተመልሼ "ማን ይነግራቸው ነበር?" ብዬ ጠየቅኩት።

"የሚወጣው ፈረቃ አለቃ ለሚገባው። ሥራው ነው። አንዳንዴ ግን ይረሳል።"

"ስክሪፕቱ ላይ የለም።"

"ጠይቆን የሚያውቅ የለማ። ጨምሪው።"

ከዙሁር ሶላት በኋላ እማማ ጋ ደወልኩ። ሥራውን ማግኘቴን ስነግራቸው መረቁኝ፤ ከዚያ ወዲያው "ያ ነገርስ?" አሉ።

"ጠየቅኩልዎት። የሚወጣው ለሚገባው ይነግር ነበር።"

"አልሐምዱሊላህ! ተርፏላ!"

"አንዳንዴ ግን ይረሱ ነበር ብሏል።"

"ይህችን ባትጨምሪያት ምን ነበረበት?" አሉኝ።