የሊቀመንበሩ ሬዲዮ

ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ የጆንያና የነቀዘ በቆሎ ሽታ ነው። መስኮት የለውም፤ ከጣሪያው ሥር ቆርቆሮው በተላቀቀበት በኩል ብቻ ትንሽ ብርሃን ይገባል። ግድግዳ ተደግፈው የተቀመጡት እስረኞች እግራቸውን ሰብስበው ቦታ ለቀቁልኝ። እኔ ግን መቀመጥ አቃተኝ።

«ኧረ ተቀመጥ ልጄ፣ ወለሉን ጨረስከው እኮ!» አሉኝ በሩ አጠገብ የነበሩ አንድ የሾኔ ሽማግሌ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ «ቤትህ እሳት ትተህ ነው የመጣኸው?» አሉ።

ትቼ የመጣሁት ሰው ነበር። አልነገርኳቸውም፤ በዚያ ክፍል ማን ለማን እንደሚያወራ አይታወቅም።

አዲስ አበባ ቴክኒክ ተምሬ ሆሳዕና ስመለስ ሐሳቤ ሬዲዮ ጠግኖ ማደር አልነበረም። የድምፅ ማጉያ እዚሁ ሠርቶ፣ በዋንዛ ሳጥን አስገብቶ የሚሸጥ ድርጅት ማቋቋም ነበር። የሰማ ሁሉ ሳቀብኝ። ያልሳቁት ጨርቅ የሚነግዱ አንድ የጉራጌ ሰው ናቸው። የሱቃቸውን ግማሽ በጣውላ ከፈሉልኝና «በዚያ ወገን ያንተ፣ በዚህ ወገን የኔ፣ ስሙ የሁለታችን» አሉኝ። ስለ ኤሌክትሪክ የሚያውቁት መብራት ሲሄድ ፋኖስ ማብራት ብቻ ነበር። ጋሼ ነበር የምላቸው።

ማጉያዎቹን የሚገዙን የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ነበሩ። ደርግ እነሱን ሲያሽግ የእኛም ገበያ አብሮ ታሸገ። የሠራናቸው ሳጥኖች መደርደሪያው ላይ አቧራ ጠጡ፤ እኔም ሳልወድ በግዴ ወደ ጥገና ተመለስኩ። ጋሼ አንድም ቀን «አከሰርከኝ» አላሉኝም። ያኔ ቢሉኝ ይቀለኝ ነበር።

ሦስተኛዋ ሠራተኛችን የዳምቦያ ልጅ ነበረች። ትራንስፎርመር ስትጠመጥም ሽቦው እንደ ፈትል ነው የሚታዘዝላት። ባሏ ብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ነው፤ እሷ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች።

የተጠገነ ሬዲዮ የምንሞክርበት የራሳችን ዘዴ ነበረን። የአገሩን ጣቢያ የተሰበረ ሬዲዮም ይይዘዋል። ስለዚህ በአጭር ሞገድ ላይ ከውጭ የሚመጣውን፣ ማዳመጥ የሚያሳስረውን ደካማ ጣቢያ እንፈልጋለን። እሱን ጥርት አድርጎ ከያዘ ሬዲዮው ድኗል ማለት ነው። ከዚያ የጣቢያ መጠቆሚያውን መርፌ ወደ አገሩ ጣቢያ መልሰን እናስረክባለን። የከተማው ሰው ይህን ያውቃል፤ አያወራውም እንጂ።

የቀበሌውን ሊቀመንበር ሬዲዮ የሞከረችው እሷ ናት። ጣቢያው ስለ ጦርነቱ ሲያወራ፣ ባሏ ያለበትን ቦታ ስም እሰማ ይሆናል ብላ ጆሮዋን አስጠግታ ቆየች። ሬዲዮውን እንዲወስድ ሊቀመንበሩ የላከው ታጣቂ ድንገት ገባ። እሷ የቻለችው ሬዲዮውን ማጥፋት ብቻ ነበር፤ መርፌው እዚያው ቀረ። በማግስቱ አመሻሽ ላይ ሊቀመንበሩ የመሪውን ንግግር ሊያሰማ ሕዝብ ሰብስቦ ሬዲዮውን ከፈተ። የወጣው ያው የተከለከለው ጣቢያ ነው፤ የተሰብሳቢውን ግማሽ ሳል እንደያዘው ነገሩኝ።

በዚያው ሌሊት መጥተው ያዙኝ። መጋዘኑ ውስጥ ያንቆራጠጠኝ ይሄ ነበር። ድብደባውን ፈርቻለሁ፣ አልዋሽም። ከዚያ ይልቅ የፈራሁት ግን እሷን እንዳይጠይቋት ነው። ውሸት አትችልም። ወላጆቿ በጸሎት ቤት ያሳደጓት ልጅ ናት፤ «ሰምተሻል?» ቢሏት «አዎ፣ የባሌን ወሬ ፈልጌ» ነው የምትለው።

በነጋታው ሲመሽ ግቢው መሐል ካለው ዛፍ ሥር አወጡኝ። ሬዲዮው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ከሌላ ክፍለ ሀገር ተመድቦ የመጣው ወጣት መቶ አለቃ ሲጋራውን እያጨሰ ያየኛል።

«የሞከረው ማነው?» አለ።

«እኔ ነኝ።»

«ስም ጥራልኝና ዛሬ ቤትህ እደር።»

«እኔ ነኝ አልኩህ፣ ጓድ መቶ አለቃ።»

ሳቀና ወደ ጠባቂው ዞረ። «ያን ሽማግሌ አምጣው።»

ከጀርባ ካለው ክፍል ጋሼ ወጡ። መታሰራቸውን አላወቅኩም ነበር። ቆባቸው የለም፤ ጋቢያቸውን ግን አስተካክለው ተከናንበዋል። እንደ ሌላው ቀን በዓይናቸው ሰላም አሉኝ።

«ይሄ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ እኔ ነኝ ይለኛል» አለ መቶ አለቃው። «እስቲ እንዴት እንደሞከርከው አሳየን፣ ሽማግሌው።»

ጋሼ ወደ ጠረጴዛው ቀረብ ብለው ሬዲዮውን ግራና ቀኝ አዩት። ከዚያ ደፈር ብለው አንዱን ማዞሪያ ያዙና እስከ መጨረሻው አዞሩት። የድምፁ ማዞሪያ ነበር። መርፌው አልተነካም፤ ሰዓቱም የጣቢያው ሰዓት ነው። ስለ ሰሜኑ ጦርነት የሚያወራ ድምፅ ግቢውን ሞላው። በየክፍሉ የነበረው ጉምጉምታ ባንድ ጊዜ ጸጥ አለ።

«ዝጋው!» ጮኸ መቶ አለቃው። «ዝጋው እኮ ነው የምልህ!»

ጋሼ መዝጊያው የቱ እንደሆነ ጠፋቸው። ሌላ ነገር ቢያዞሩ ድምፁ ይበልጥ ጎረነነ። ጠባቂው ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። በመጨረሻ እኔ እጄን ዘርግቼ ዘጋሁት።

«አንተ ሬዲዮ ነክተህ አታውቅም!» አለ መቶ አለቃው።

«ልክ ነው ጌታዬ፣ አላውቅበትም» አሉ ጋሼ። ድምፃቸው ከሱቅ ድምፃቸው አልተለየም። «ግን ዕቃው ከኔ ሱቅ ነው የወጣው። ከኔ የገዛኸው ጨርቅ ቀለሙ ቢለቅብህ ሸማኔውን ትፈልጋለህ? ወደኔ ነው የምትመጣው። እኔ ነኝ ተጠያቂው።»

መቶ አለቃው ሲጋራውን መሬት ላይ ረገጠው። «ሴትዮዋስ?»

ጋሼ ቀደሙኝ።

«ሽቦ ትጠመጥማለች፤ ሬዲዮ አትነካም። ሬዲዮው ጋ ያለነው ሁለት ነን።»

«ሁለት ነን» አልኩ እኔም።

መቶ አለቃው ሁለታችንንም ተራ በተራ አየን። ያመነን አይመስለኝም። ሁለታችንም ወደ መጋዘኑ እንድንገባ በእጁ አመለከተ።

ጋሼ ወዲያው አልሄዱም። የሲጋራው አመድ በሬዲዮው ላይ በኖ ነበር። የጋቢያቸውን ጫፍ ይዘው ጠረጉት፤ ከዚያ ለደንበኛ እንደሚያስረክቡ ሁሉ ዝቅ ብለው በሁለት እጃቸው አቀበሉት። መቶ አለቃው ሳያስበው ነው መሰለኝ ተቀብሎ ታቀፈው። እኛ ስንሄድም ታቅፎት ቆሞ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ባንድ ክፍል አደርን። ሱቁ ታሸገ። ልጅቷ ስንቅ ይዛ በመጣች ቁጥር እውነቱን ልናገር እያለች ታለቅስ ነበር። ጋሼ በአጥሩ ቀዳዳ «አንቺ ልጅሽን ውለጂ፣ እኛ እዚህ ደህና ነን» እያሉ ይመልሷታል። ደህና አልነበርንም። ግን ወለደች፤ ማንም ሳይጠይቃት ወለደች።

ስንፈታ መሣሪያዎቻችን ተወርሰው ደረስን። እንደገና ጀመርን፤ እንደገና ወደቅን። መንግሥት ተለውጦ ርካሽ ማጉያ ከውጭ ሲጎርፍ ደግሞ ሌላ ውድቀት መጣ። ጋሼ ያረፉት ድርጅቱ በእግሩ በቆመ ሰሞን ነው። እኔ አሁንም አንድ ቦታ ተቀምጬ መዋል አልችልም፤ ልጆቼ ይቆጡኛል።

አንዳንድ ጊዜ ኮምፒውተር የተማሩ የሆሳዕና ወጣቶች ድርጅት ልንከፍት ነው ብለው ይመጣሉ። ስለ ብድር፣ ስለ ፈቃድ፣ ስለ ገበያ ይጠይቁኛል፤ የማውቀውን እነግራቸዋለሁ። ሊወጡ ሲሉ አንድ ነገር እጨምራለሁ፦ «አብሯችሁ የሚታሰር ሸሪክ ፈልጉ።»

ቀልድ ይመስላቸዋል፤ ስቀው ይሄዳሉ።