አፍዓበት ወይስ ሽሬ

አባቴ ለሽማግሌዎቹ ሁለተኛ ቀጠሮ ሲሰጥ አንድ ነገር ጠየቀ። «የልጁ አባት ራሳቸው ይምጡ። ልጄ የምትገባበትን ቤት ሰው ማየት እፈልጋለሁ» አለ። በእኛ አገር የልጁ አባት ሽማግሌ ይልካል እንጂ ራሱ ደጅ አይጠናም። ሰውየው ግን እሺ አሉ። ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ከራቤል ተነስተው፣ ደብረ ብርሃን አድረው፣ በማግስቱ በአውቶቡስ ዓለም ከተማ ገቡ።

እኔ ዓለም ከተማ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ እዚያው ታሪክ አስተምራለሁ። እጮኛዬን ያወቅሁት ዩኒቨርሲቲ ነው። አባቱ በወጣትነታቸው ወሎ ለሥራ ሄደው ደርግን ይወጉ ከነበሩት ታጋዮች ጋር እንደተቀላቀሉ ነግሮኛል። የእኔ አባት ደግሞ በዚያው ጦርነት የመንግሥት ወታደር ነበር። ስንትና ስንት ዓመት ያለፈውን ነገር ማን ያነሳዋል ብለን ለሁለቱም ሳንነግራቸው ቀረን።

እሁድ ነበር፣ ከቅዳሴ መልስ። ምሳ ቀርቦ እኔ ጠላ እቀዳለሁ። አንደኛው ሽማግሌ ስለ መንገዱ ያወራሉ። በዚያ ሰሞን በአካባቢው ውጊያ ስለነበር መንገዱ እየተዘጋ ይከፈታል፤ ወታደሮች ሁለት ቦታ አስወርደው ፈትሸዋቸዋል። «ይሄም አንድ ትልቅ ውጊያ ይወስነዋል፤ እስከዚያ ነው» አሉ።

«ያኛውን ሽሬ እንደወሰነው» አሉ የእጮኛዬ አባት፣ ነገሩን ሳያከብዱት።

አባቴ የጠቀለለውን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መልሶ አስቀመጠ። «ሽሬ ምን ወሰነ?»

«ከሽሬ በኋላ እኮ ጦሩ ትግራይን ጥሎ ወጣ። መቀሌን ሳይዋጋ ለቀቀ። ወደ ወሎም፣ ወደዚህ ወደ መርሐቤቴም መንገዱ የተከፈተው ከዚያ ወዲህ ነው።»

«ሽሬ የደረሰው ያለቀ ጦር ነው» አለ አባቴ። «ያለቀው ቀደም ብሎ ኤርትራ ውስጥ፣ አፍዓበት ላይ ነው። ከባድ መሣሪያው፣ መኪናው፣ የሠለጠነው መኮንን እዚያ ቀረ። ነበርኩበት። ከዚያ ተርፌ ከረን የገባሁት በእግሬ ነው። እርስዎስ የት ነበሩ?»

«ሽሬ።»

«በየትኛው ወገን?»

«በዚያኛው» አሉ ሰውየው፣ ድምፃቸውን ዝቅ ሳያደርጉ።

እናቴ ወጥ ልትጨምር ጭልፋ እንደያዘች ቆማ ቀረች። ሽማግሌው «ዛሬ የመጣንበት ጉዳይ ይሄ አይደለም» ብለው ሊገቡ ሲሉ አባቴ እጁን አነሳ፤ «አንድ ጊዜ ይተዉኝ።»

የእጮኛዬ አባት ግን ቀደሙት። «አፍዓበት ላይ መንግሥት አንድ ጦር አጣ። ሌላ ጦር ነበረው። ቢፈልግ መታረቅ፣ ቢፈልግ መዋጋት ይችል ነበር። ሽሬ ላይ ምርጫው ራሱ አለቀ። ብዙ ጓዶቼ እዚያ ቀርተዋል። በከንቱ አልቀሩም።»

«ወንድሜም ሽሬ ነው የቀረው» አለ አባቴ። «አዛዦቹ ነገሩ አፍዓበት ላይ ማለቁን እያወቁ፣ ከዚህ አገር ልጅ ለቅመው ወሰዱ። የእኔም ወንድም፣ የእርስዎም ጓዶች የሞቱት ላለቀ ነገር ነው።»

ሰውየው ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ግድግዳው ጥግ ያስደገፉትን ዱላቸውን አንስተው ቆሙ። ሁለቱ ሽማግሌዎች በግራና በቀኝ የጋቢያቸውን ጫፍ ያዙ። ስለ ጦር አሰላለፍ የሚከራከሩ መስሎኝ ነበር። አባቴ ወንድሙን በከንቱ ባስገደሉት አዛዦች ላይ ሲፈርድ፣ ሰውየው ጓዶቻቸው በከንቱ አልሞቱም ብለው ሲሟገቱ እንደነበር የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። «ልጄ ታሪክ አስተማሪ ናት። እሷ ትናገር።»

የጠላውን ማንቆርቆሪያ አስቀመጥሁ። አፍዓበት ብል አማቴ ይሆናሉ ብዬ የማስባቸው ሰው በሩን ይወጣሉ። ሽሬ ብል አባቴን በእንግዳ ፊት አዋርዳለሁ። ሁለቱም ልክ ናቸው ብል ደግሞ አባቴ ያውቅብኛል፤ ከልጅነቴ ጀምሮ መሸፋፈን አይወድልኝም።

«አባባ፣ እኔ ሽሬ ነው የምለው» አልሁ። «አፍዓበት ጦሩን ሰበረው። የተሰበረ ግን ይጠገናል፤ መንግሥት ከዚያ በኋላ ጊዜ ነበረው። ጊዜው ያለቀበት ሽሬ ላይ ነው። አጎቴ ሲሄድ ነገሩ ገና አልተቆረጠም ነበር።»

አባቴ አየኝ። ከዚያ ተነስቶ ወደ ጓሮ ወጣ። እናቴ ልትከተለው አንድ እርምጃ ተራመደችና ተመለሰች። ጋብቻው እንዳበቃለት ቆጠርሁት፤ ለእጮኛዬ በስልክ ምን ብዬ እንደምነግረው ማሰብ ጀምሬ ነበር።

ተመልሶ ሲገባ አልተቀመጠም። ሁለቱ አባቶች ምሳው መሃላቸው ላይ እንዳለ ፊት ለፊት ቆሙ።

«ሽሬ ላይ የወደቀውን የእኛን ሰው ምን አደረጋችሁት?» አለ።

«ቀበርን።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም አልልዎትም፤ ውሸት ይሆናል። እኔ የነበርኩበት ጉብታ ላይ ግን የእናንተንም የእኛንም አንድ ላይ ቀበርን። መሬቱ ጭንጫ ስለነበር ጥልቅ አልቆፈርንም። ከመካከላችን አንድ ቀድሞ ዲያቆን የነበረ ልጅ ነበር። የሚያስታውሰውን ያህል ጸለየ፤ የከለከለው የለም።»

«ወንድሜ ግንባሩ ላይ ጠባሳ ነበረው። በሬ ወግቶት።»

ሰውየው ብዙ አሰቡ። «አላስታውስም» አሉ በመጨረሻ። «አየሁት ብልዎት ደስ ይለኝ ነበር። ግን አላስታውስም።»

አባቴ ራሱን ነቀነቀ። «ይቀመጡ» አላቸው፤ «ምሳው ቀዘቀዘ።»

ተቀመጡ። ሽማግሌው ነገሩ እንዳያመልጣቸው ወዲያው የመጡበትን ተናገሩ። አባቴም ብዙ ሳያስጠብቅ «ሰጥቻለሁ» አለ። እናቴ እልል አላለችም፤ ወጥ ቤት ገብታ አለቀሰች።

ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ሆነ። ሁለቱ አባቶች አሁን በዓል ሲሆን ይደዋወላሉ፤ ስለ ዝናብና ስለ ገብስ ይጠያየቃሉ። በዚያ ክርክር ግን አንዱ ለሌላው እጅ አልሰጠም።

ለአጎቴ ከመንግሥት የመጣ መርዶ አልነበረም። አያቴ እስክትሞት ድረስ ይመጣል ብላ ጠብቃዋለች፤ ከእሷ በኋላም አባቴ ፍትሐት ይደረግለት የሚለውን ሰው አይሰማም ነበር። እንግዶቹ በሄዱ ሳምንት ግን ነጠላ ልበሺ አለኝና እኔንና እናቴን አስከትሎ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ለካህኑ የወንድሙን የክርስትና ስም ነገራቸው። የፍትሐቱ ጸሎት አልቆ ልንወጣ ስንል አባቴ ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም። «አባ፣ ሌሎችም አሉ» አለና ከረን አብረውት ያልገቡትን ጓደኞቹን ስም አንድ በአንድ መጥራት ጀመረ። የብዙዎቹን የክርስትና ስም አያውቅም። ካህኑ መጽሐፋቸውን እንደገና ገልጠው ቆመው ጠበቁት።