ድምፅ የሌላቸው ሳጥኖች

ቢሯችን ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ሰፈር ውስጥ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ፣ ድሮ ቤተሰብ ይኖርበት የነበረ ባለ አራት ክፍል አፓርታማ ነው። ሥራችን ትርጉም ነው። የእርዳታ ድርጅቶች ለስደተኞች የሚያዘጋጁትን የጤና ጽሑፍና የሥልጠና መመሪያ ከእንግሊዝኛና ከስዋሂሊ ወደ አማርኛ እንመልሳለን፤ አልፎ አልፎም የሰዎች የግል ጉዳይ ያለበት ሰነድ ይመጣል። እኔ የተቀጠርኩት ተርጓሚ ሆኜ ነበር። ተርጓሚነቱን እንዴት እንደተውኩ ካልተናገርኩ፣ በኋላ ያደረግኩት ነገር ከየት እንደመጣ አይገባም።

ናይሮቢ የመጣሁት በአሥራ አንድ ዓመቴ ነው። አማርኛዬ የቤት አማርኛ ነበር፤ ብላ፣ ተኛ፣ በሩን ዝጋ። በተቀጠርኩ በሁለተኛው ወር ስለ ሕፃናት ክትባት የሚናገር ጽሑፍ ተሰጠኝ። እንግሊዝኛው መርፌን የሚጠራበት ቃል ተኩስም ማለት ስለሆነ፣ ስቸኩል «እያንዳንዱ ሕፃን ሦስት ጊዜ ተኩስ ያገኛል» ብዬ ጻፍኩ።

የሁላችንም ሥራ የሚያልፈው በአራሚያችን በኩል ነበር። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ አገር ቤት መምህር የነበሩ፣ ዓይናቸውን በሕመም ያጡ ሰው ናቸው። ጋሼ እንላቸዋለን። ላፕቶፓቸው ላይ የተጫነ ፕሮግራም ስክሪኑ ላይ ያለውን ሁሉ በድምፅ ያነብላቸዋል። ፍጥነቱን ከፍ ስላደረጉት ለእኛ የንብ ጩኸት ይመስለናል፤ እሳቸው ግን አንድ ፊደል አያመልጣቸውም። አብዛኛውን ጊዜ በጆሮ ማዳመጫ ነበር የሚሰሙት። የዚያን ቀን ማዳመጫውን ነቀሉት፣ ፍጥነቱን ቀነሱት፣ የኔን ዓረፍተ ነገር ለክፍሉ በሙሉ ሦስት ጊዜ አስነበቡት።

«ይህን የጻፈው ማነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

«ልጄ፣ ሕፃናቱን እኮ አስረሸንካቸው።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ተኩስ ሆነ። ምግብ ቤት ስንሄድ ተኩስ፣ ደመወዝ ስንፈርም ተኩስ። አንድ የአማርኛ ቃል የማያውቀው የሕንፃው ዘበኛ እንኳ ጠዋት በር ሲከፍትልኝ በስዋሂሊ «ሀባሪ ተኩስ»፣ እንዴት ነህ ተኩስ፣ ይለኝ ነበር፤ የሚያስቀይም መሆኑን አያውቅም። ከጥቂት ወራት በኋላ ማዳም፣ ማለትም የድርጅቱ ባለቤት፣ ኮምፒውተር የተማርኩ መሆኔን አስታውሳ ከትርጉም አነሳችኝና የማሽኖቹ ኃላፊ አደረገችኝ። ጋሼ ይህን ሲሰሙ «ጥሩ፣ እዚያ ይሻለዋል» አሉ። ምናልባት በቅንነት ነው ያሉት። እኔ ግን ቂም ያዝኩባቸው።

ከሁለት ዓመት በኋላ አንዷ ባልደረባችን ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ ላፕቶፗን ተሰረቀች። ውስጡ የስደተኞች ቃለ መጠይቅ ነበረበት። ትልቁ ደንበኛችን ደብዳቤ ጻፈ፤ ከአሁን በኋላ አንድም ሰነድ በማንም ሰው ላፕቶፕ ላይ እንዳይቀመጥ፣ አለበለዚያ ሥራውን እንደሚያነሳ የሚገልጽ። ማዳም ጠርታ «ምን ይሻላል?» አለችኝ። ሁሉም ሥራ በአንድ ሰርቨር ውስጥ እንዲሆን፣ በየሰው ጠረጴዛ ላይ የመጽሐፍ ያህል ትንሽ ሳጥን ከስክሪንና ከኪቦርድ ጋር ብቻ እንዲቀመጥ ሐሳብ አቀረብኩ። ሰው የሚያየው የራሱ ኮምፒውተር ይመስለዋል፤ ኮምፒውተሩ ግን ጓዳ ውስጥ የተቆለፈበት ሰርቨር ላይ ነው። ሳጥኑ ቢሰረቅ ባዶ ዕቃ ነው።

«ምረጥ። የምትመርጠውን እፈርምልሃለሁ» አለችኝ።

እንዲህ ያለ ሥልጣን በሕይወቴ አግኝቼ አላውቅም ነበር።

ሁለት አማራጭ አቀረብኩ። አንደኛው ፓርክላንድስ ሰፈር ካለ ነጋዴ የመጣ ነው፤ አዳዲስ ሳጥኖች፣ ድምፅንም ጨምሮ ሁሉን ከሰርቨሩ የሚያመላልስ ሶፍትዌር። ሁለተኛው ከመሃል ከተማ፣ ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥ ሱቅ ነው። ሳጥኖቹ ጠንካሮች ናቸው፣ ስክሪኑ ላይ ያለው ሁሉ ጥርት ብሎ ይታያል፣ ግን የጆሮ ማዳመጫ የሚሰካበት ቀዳዳ የላቸውም። ሶፍትዌራቸውም ድምፅ አያስተላልፍም። ሻጩ «ቢሮ ውስጥ ድምፅ ምን ይሠራላችኋል? ሰው ዘፈን እንዲሰማ ነው?» ብሎ ሳቀ።

ለአንድ ሳምንት ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ ሠራተኛውን በተራ አስሞከርኩ። መጀመሪያ የተቸገርነው በአማርኛው ነበር፤ «ሰላም» ተብሎ ሲጻፍ «ስኧልኣም» ሆኖ ይወጣል። የፊደል መጻፊያውን ከሳጥኑ ላይ አጥፍቼ ሰርቨሩ ላይ ብቻ ስጭነው በሁለቱም ተስተካከለ። ሐሙስ ዕለት የጋሼ ተራ ደረሰ።

በፓርክላንድሱ ሳጥን ላይ ማዳመጫቸውን ሰክተው አንድ ገጽ አረሙ። «ትንሽ ወደኋላ ይቀራል፣ ሽማግሌ ነው እንደኔ። ግን ይሠራል» አሉ። ከዚያ ወደ ሁለተኛው ጠረጴዛ ወሰድኳቸው። በጣታቸው የሳጥኑን ፊት፣ ጀርባ፣ ሁለቱንም ጎን ዳሰሱ። የማዳመጫውን ጫፍ ይዘው ቀዳዳ ፈለጉ። እንደሌለው አውቃለሁ፤ ከጎናቸው ቆሜያለሁ፤ አልነገርኳቸውም። ዙሪያውን ሦስት ጊዜ ዳሰሱት። ከወዲያ ማዶ የተቀመጡት ሥራቸውን ትተው ያዩ ነበር፣ አንዱ አፉን ሸፍኖ ይስቃል። እኔም በውስጤ የሆነ ነገር ሲሞቀኝ ተሰማኝ። ያን ስሜት አሁንም አስታውሰዋለሁ፤ ደስታ ነበር።

«ቀዳዳው የት ነው?» አሉ በመጨረሻ።

«ይሄኛው የለውም ጋሼ።»

«እና ለምን አስቀመጥከኝ?»

«ሁሉም ሰው መሞከር ስላለበት ነው።»

ማዳመጫቸውን ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱና በዱላቸው እየመሩ ወደ ጠረጴዛቸው ተመለሱ።

ሰኞ ማዳም ዘንድ ገባሁ። የጋሼን ጉዳይ በወረቀት ላይ ጽፌው ነበር፤ ወረቀቱን ግን ከደብተሬ አላወጣሁትም። የሁለቱን ልዩነት ስትጠይቀኝ «ሁለተኛው ርካሽ ነው፣ ድምፅ ብቻ የለውም» አልኳት።

«ድምፅ ለሥራው ያስፈልጋል?»

«ለትርጉም አያስፈልግም።»

«እሳቸውስ?»

«ለእሳቸው ሌላ መፍትሔ እፈልጋለሁ።»

ማዳም ከጋሼ ጋር ከቆየ ጊዜ ጀምሮ አትስማማም። ሥራ ለደንበኛ በሚላክበት ቀን «ይህ አይወጣም» ብለው የሚመልሱባት እሳቸው ነበሩ። ብዕሯን አነሳችና «እንግዲህ ፈልግ» ብላ ፈረመች። ፈገግ ብላ ነበር። እኔም ፈገግ አልኩ።

መፍትሔው እኮ ቀላል ነበር። ለአንድ ሰው ብቻ አንድ የፓርክላንድሱን ሳጥን ከሶፍትዌሩ ፈቃድ ጋር መግዛት ይቻል ነበር። አልፈለግኩም፤ አልጠየቅኩም።

ሳጥኖቹን ቅዳሜ ተከልኳቸው። ሰኞ ጠዋት የሁሉንም ላፕቶፕ ሰበሰብኩ። ጋሼ የራሳቸውን ሲያስረክቡ ውስጡ ለዓመታት ያጠራቀሙት የቃላት ዝርዝር እንዳለ ነገሩኝ፤ ለእያንዳንዱ አስቸጋሪ የእንግሊዝኛ ቃል የመረጡት አማርኛ፣ ለምን እንደመረጡት ጭምር።

«በፍላሽ ስጠኝ፣ ቤቴ ላስቀምጠው» አሉ።

«ፍላሽ ተከልክሏል ጋሼ። ሰርቨሩ ላይ አደርገዋለሁ፣ ሁሉም እንዲጠቀምበት።»

«እኔስ እንዴት እጠቀምበታለሁ?»

«መፍትሔ እየፈለግን ነው።»

ዝርዝሩን ሰርቨሩ ላይ ገለበጥኩትና ላፕቶፑ ላይ ያለውን ሁሉ እዚያው አጠገባቸው አጠፋሁት። ሠራተኛው ቃል ሲቸግረው ከዚያ ወዲህ ዝርዝሩን ይከፍታል። ጋሼን የሚጠይቅ ሰው አልነበረም።

የሁለት ልጆች እናት የሆነች አንዲት ተርጓሚ አጠገባቸው ትቀመጥ ነበር። ጮክ ብላ እያነበበችላቸው በቃል ማረም ጀመሩ። እሷ ታነባለች፣ እሳቸው ያስተካክላሉ፣ እሷ ትጽፋለች። የዘገየ ቢሆንም ይሠራ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ማዳም መጥታ «አንቺ የሚከፈልሽ ለማንበብ ነው ለመተርጎም?» አለቻት። ሴትየዋ አንገቷን ደፋች፤ ንባቡ ቀረ። ጋሼ ሌሎቹን ሲለምኑ ደግሞ በቸልታ፣ መስመር እየዘለሉ ያነቡላቸው ጀመር። በመጨረሻ ስልክ እንዲያነሱ ተመደቡ። እኛ ዘንድ ስልክ በቀን ሁለቴ ቢደወል ነው። ከጠዋት እስከ ማታ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አድርገው ይቀመጡ ነበር።

አንድ ከሰዓት ወደኔ ጠረጴዛ መጡ።

«ሳጥኑን የመረጥከው አንተ ነህ?»

«የፈረመችው ማዳም ናት።»

«እሷ ስለ ሳጥን ምን ታውቃለች? ያኛው ይናገር ነበር፤ ነግሬህ ነበር።»

«ውድ ነበር ጋሼ።»

«ለኔ የሚሆነውን አንዱን እኔ እገዛው ነበር። ጠይቀኸኝ ቢሆን።»

ቁልፍ እየመታሁ ሥራ ያለብኝ አስመሰልኩ። የቁልፉን ድምፅ እየሰሙ ትንሽ ቆሙ። «ምንም እየጻፍክ አይደለም» አሉኝና ሄዱ።

በወሩ መጨረሻ በፈቃዳቸው ለቀቁ። ማዳም ኬክ አዘዘች፤ በመስታወት የተሸፈነ የምስጋና ወረቀትም አሠራች። ለዓይነ ስውር ሰው በመስታወት ውስጥ ያለ ጽሑፍ። ጣታቸውን በመስታወቱ ላይ አሳልፈው «ማን ያነብልኛል?» አሉ። ማዳም ወደኔ ጠቆመች። ሰው ሁሉ ኬክ ይዞ ቆሞ ሳለ አነበብኩ፤ «ለብዙ ዓመታት ላበረከቱት አገልግሎት ድርጅቱ ከፍ ያለ ምስጋናዋን ያቀርባል።»

«ምስጋናዋን ነው የሚለው?»

«አዎ።»

«ምስጋናውን ነው። ድርጅቱ ወንድ ነው።»

ማንም አልሳቀም። መስታወቱን በብብታቸው ይዘው ወረዱ። ደረጃው መጨረሻ ድረስ የዱላቸው ድምፅ ይሰማ ነበር።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ሥራችን ፈጠነ። በስድስተኛው ወር ትልቁ ደንበኛ አንድ ሙሉ መመሪያ መለሰልን፤ «አማርኛው ለአንባቢ አይገባም፣ በአንድ ሳምንት አስተካክሉ» ይላል። ማዳም ሦስት ቀን ስትሞክር ቆይታ ጠራችኝ። «ሂድና ለምናቸው። የፈለጉትን እከፍላለሁ» አለችኝ።

ፓርክላንድስ፣ ከሱቆች በላይ ያለ አፓርታማ ውስጥ ነው የሚኖሩት። በሩን የከፈቱልኝ ባለቤታቸው ናቸው። ጋሼ በመስኮቱ በኩል ተቀምጠው ነበር። በድምፄ አወቁኝ፣ ለምን እንደመጣሁም ሳልጨርስ ገባቸው።

«አንብብልኝ» አሉ።

ቁጭ በል አላሉኝም። አሥራ አራት ገጽ በቁሜ አነበብኩ። ስሳሳት ያስደግሙኛል፣ ስቸኩል ያስቆሙኛል። ባለቤታቸው ለእሳቸው ብቻ ሻይ አቀረቡላቸው። ጉሮሮዬ ደርቆ ድምፄ ሊጠፋ ሲል ጨረስኩ። እስኪጨልም ብዙ ደቂቃ አልቀረም።

«ስህተቱ የት የት እንዳለ አሁን ሁሉንም አውቄዋለሁ» አሉ።

እስክሪብቶ አወጣሁ። «ይንገሩኝ ጋሼ፣ ልጻፍ።»

«አልነግርህም።»

የቀለዱ መስሎኝ ጠበቅኩ። ሻያቸውን ጠጡ። ባለቤታቸው በሩን ከፍተው ይዘውልኝ ቆሙ።

ደንበኛው ሥራውን አነሳ። ማዳም ሁለት ሰው መቀነስ አለብን አለች፤ እኔን አልቀነሰችም፣ ሳጥኖቹን የሚያውቅ ሌላ ሰው ስለሌለ። የመጀመሪያዋ ተቀናሽ ለጋሼ ታነብላቸው የነበረችው ሴት ሆነች፤ በሰርቨሩ መዝገብ ላይ ከሁሉም ያነሰ ገጽ የጨረሰችው እሷ ነበረች። መዝገቡን አትሜ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ፋይል እንዳትወስድ፣ መቀነሷ ሳይነገራት ኮምፒውተሯን እንድዘጋባት ታዘዝኩ። ስሟን ፈልጌ አንድ ቁልፍ ተጫንኩ።

ከማዶ ስክሪኗ ጠቆረ። ጀምራ ያልጨረሰችው ዓረፍተ ነገር ነበራት፤ ሁለት ጊዜ ቁልፍ መታች፣ ሳጥኑን በእጇ ነካ ነካ አደረገችው። ከዚያ ወደኔ ዞረች።

«መብራት ሄደ እንዴ?» አለች።

የሌሎቹ ስክሪን ሁሉ በርቶ ነበር። ማዳም እንደምትፈልጋት ነገርኳት። ቦርሳዋን ወንበሯ ላይ ትታ ሄደች።