የሸላቹ ግራ እጅ

ያን ቀን ሰማዩ ከማለዳው ጠቁሮ ነበር። ዝናቡ ሳይመጣና በጎቹ ሳይረጥቡ እንጨርስ ብለን ተጣደፍን። እሱ በጎቹን ይሸልታል፣ እኔ የተሸለተውን ጸጉር እሰበስባለሁ። ስድስት ዓመት አብረን ስንሠራ ስሙን ጠይቄው አላውቅም፤ ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንለው።

በጓን በቂጧ አስቀምጦ ጀርባዋን በጉልበቶቹ መሀል ይይዛታል። ግራ እጁ ቆዳዋን እየወጠረ ቀድሞ ይሄዳል፣ መቀሱ ይከተላል። ጸጉሩ ሳይቆራረጥ እንደ ካፖርት ይወልቃል። አንዲት በግ እንኳ ስትራገጥበት አላየሁም።

"ጋሼ፣ ልታስተኛት ነው እንዴ?" አለው አለቃችን በበሩ ሲያልፍ።

"ትተኛ፣ ካንተ ጩኸት ይሻላታል።"

ጸጉሩን ላነሳ ጎንበስ ስል ፊቱን አየሁት። ዓይኖቹን ጨፍኖ ነው የሚሸልተው።

"አታይም እንዴ?" አልኩት ቀስ ብዬ።

"ብገልጣቸውም ያው ጭጋግ ነው፣ ልጄ። ሁለት ዓመት ሆነኝ። መቀሱ እንዳይነካው የበጓ ጡት የት እንዳለ ጣቴ ያውቀዋል። አለቃው ከሰማ ግን ዛሬውኑ ያሰናብተኛል።"

ለማንም አልተናገርኩም። ምን ዋጋ አለው፤ በሳምንቱ አለቃው ሥራው እንዲፈጥን ብሎ የኤሌክትሪክ መሸለቻ አመጣለት። ንዝረቱ ጣቶቹን አደነዘዘበት። የመጀመሪያዋን በግ ጡቷን ቆረጣት፤ ደሙ ጉልበቱን ሲያርሰው እንኳ የት ጋ እንደቆረጣት በእጁ ይፈልግ ነበር። አለቃው ቆሞ አየው።

አሁን እህቱ ቤት፣ ከጓዳው ኋላ ባለች መስኮት የሌላት ክፍል ውስጥ ነው ያለው።